የፋብሪካ ጭስ ውስጥ ያለን ሜርኩሪ የሚይዝ ካርቦን ከቡና ገለፈት እንዴት እንደሚሠራ

ሜርኩሪ በድንጋይ ከሰል፣ በሲሚንቶ ጥሬ ዕቃና በከተማ ቆሻሻ ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል፤ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ግን አብዛኛው ተንኖ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ከክሎሪን ጋር የተዋሐደው ክፍል በውኃ ስለሚሟሟ በጭስ ማጠቢያ ይያዛል። አስቸጋሪው ሳይዋሐድ በትነት መልክ የቀረው ነው፤ በውኃ አይሟሟም፣ የአቧራ ማጣሪያም አያግደውም። ይህን ለመያዝ ድኝ (ሰልፈር) የተዋሐደው አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዲኖሩት የተዘጋጀ ከሰል፣ ይሠራል፤ ሜርኩሪውም ከድኙ ጋር ተዋሕዶ ሜርኩሪ ሰልፋይድ ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለቤተ ሙከራ ነው፤ የናይትሮጅን ሲሊንደርና የሚሠራ ፊውም ሁድ (መርዛማ ጋዝ ስቦ የሚያስወጣ የቤተ ሙከራ ሣጥን) በሌለበት መሞከር የለበትም።

በደረቅ ዘዴ የተፈለፈለ ቡና ገለፈት ታጥቦ ከደረቀ በኋላ አየር በማይገባበት ዕቃ በ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይከስላል፤ ቀጥሎ በ800 እና በ850 ዲግሪ መካከል የውኃ እንፋሎት እየተነፋበት ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ። ገለፈቱ ፖታሲየም ስለሚበዛበት ከእንፋሎቱ ጋር ያለው ምላሽ ፈጣን ነው፤ ሰዓቱን ከእንጨት ከሰል አሠራር ገልብጦ የሚጠቀም ሰው አመድ ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ከዚያ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ቀጥሎም አሲድነቱ እስኪጠፋ በውኃ ታጥቦ በ105 ዲግሪ ይደርቃል። የአዮዲን ቁጥር (ካርቦኑ ምን ያህል ጥቃቅን ቀዳዳ እንዳለው የሚያሳየው መለኪያ) የሚለካው እዚህ ላይ፣ ድኝ ከመግባቱ በፊት ነው። ለቋሚ ማጣሪያ ጋን የሚሆን ጠንካራ እንክብል ለሚፈልግ የኮኮናት ቅርፊት ይሻላል፤ የገለፈት ካርቦን ስለሚፈረፈር የሚያዋጣው ጭስ ውስጥ ለሚረጭ ዱቄት ነው።

ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም ድኙ በሚገባበት ደረጃ ነው። ብዙዎች ድኙን አቅልጠው ከካርቦኑ ጋር ካደባለቁ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል፤ እንዲህ የገባ ድኝ ግን ስምንት አተሞች ባሉት ቀለበት መልክ ቀዳዳዎቹን ከመድፈን በቀር ብዙም አይሠራም፤ ሙቅ ጭስ ሲያገኘውም ይተናል። ስለዚህ ለ100 ግራም ደረቅ ካርቦን 25 ግራም የድኝ ዱቄት ተቀላቅሎ ናይትሮጅን በሚያልፍበት ቱቦ ምድጃ ውስጥ በመጀመሪያ በ150 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ይቆያል። ድኝ ከ119 ዲግሪ በላይ ይቀልጣል፤ 160 ዲግሪን ሲያልፍ ግን እንደ ማር ይወፍርና ወደ ጠባቦቹ ቀዳዳዎች መግባት ያቅተዋል። ስለዚህ ይህን ቆይታ ዘልሎ በቀጥታ ማሞቅ ጊዜ አይቆጥብም።

ከዚያ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ወደ 600 ዲግሪ ከፍ ብሎ ለሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። ድኝ በ445 ዲግሪ ስለሚፈላ ትርፉ ተንኖ ይሄዳል፤ የሚቀረው አጫጭር ሰንሰለት ሆኖ ከካርቦኑ ገጽ ጋር የተሳሰረው ነው። ክብደቱ ቢቀንስ አያስደነግጥም፤ ድኙ ጥቂት ሆኖ በደንብ የተሳሰረ ካርቦን ድኝ ታጭቆበት ቀዳዳው ከተደፈነ ይሻላል።

የተነነው ድኝ የምድጃው ቀዝቃዛ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይረጋና መውጫውን ይዘጋል፤ ውስጡ ግፊት ሲጠራቀም ቱቦው ሊፈነዳ ስለሚችል መውጫው ሰፊ መሆንና በማሞቂያ ገመድ መጠቅለል አለበት። በዚሁ ሰዓት ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ይፈጠራል፤ መጠኑ ሲጨምር የማሽተት ችሎታን ስለሚያደነዝዝ በአፍንጫ መተማመን አይቻልም። የሚወጣው ጋዝ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በተሟሟበት ውኃ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፣ የጋዝ መለኪያም አጠገብ ይቀመጣል። ካርቦኑ በናይትሮጅን ሥር ከ50 ዲግሪ በታች እስኪቀዘቅዝ ምድጃው አይከፈትም፤ በትኩሱ አየር ካገኘው ይቀጣጠላል።

ሲቀዘቅዝ ተፈጭቶ በ45 ማይክሮን ወንፊት ይነፋል። ከድኙ በፊት መፍጨት ቀላል ቢመስልም የናይትሮጅኑ ፍሰት ዱቄቱን ይዞት ይሄዳል።

የመያዝ አቅሙ መፈተን ያለበት የሜርኩሪ ትነት በሚያስተናግድ ዝግ መሣሪያ ባለው ቤተ ሙከራ ነው። በንጹሕ ናይትሮጅን ብቻ የተገኘ ውጤት ብዙ አያስተማምንም፤ የፋብሪካ ጭስ እርጥበትና የድኝ ኦክሳይዶች ስላሉበት፣ በተለይ ሰልፈር ትራይኦክሳይድ የካርቦኑን ቦታ ስለሚሻማ፣ የፈተናው ጋዝ እነዚህን መያዝ አለበት። በጭስ መስመር ላይም የሚረጨው ሙቀቱ ወደ 150 ዲግሪ በወረደበት ቦታ ነው። ከጭሱ ጋር ከሚበረው አመድ ጋር ከተደባለቀ አመዱን ለኮንክሪት መሸጥ ያስቸግራል፣ ካርቦኑ በኮንክሪቱ ውስጥ አየር እንዲይዝ የሚጨመረውን ኬሚካል ይመጠዋልና፤ ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ከአመድ ማጣሪያው በኋላ ይረጭና በራሱ ከረጢት ማጣሪያ ለብቻው ይሰብሰብ።