በግቢ ውስጥ የሚሠራ አነስተኛ ቢሮና ዎርክሾፕ፦ ችግርና መፍትሄ

አዲስ አበባ ውስጥ በግቢው ጓሮ 3 በ4 ሜትር የሆነ የሥራ ክፍል በትንሽ ገንዘብ ለመሥራት የሚነሳ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍ አቁሞ፣ ማገር መትቶ፣ ጭቃ መርጎና ቆርቆሮ አልብሶ ይገባል። ሥራ ሲጀምርበት ግን ክፍሉ ቀን ይጋግራል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል፣ ጠዋት ደግሞ ያንጠባጥባል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ፎም (ሙቀትና ብርድ የሚከላከል ቀላል የፖሊስታይሪን ሰሌዳ) ገዝተው ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። በእኔ አስተያየት ይህ የገንዘቡን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው፤ በአንድ ንብርብር ቆርቆሮ በተከደነ ክፍል ውስጥ ከግድግዳው በፊት ገንዘብ የሚገባው ጣሪያው ነውና።

ዝናብ ሳይዘንብ ጣሪያው ያንጠባጥባል

በአንድ የኅዳር ጠዋት የራሴን ክፍል ስከፍት ጠረጴዛው ላይ ያሳደርኩት የሥራ ንድፍ በውኃ ጠብታ ተጨማዶ፣ ቀለሙም ፈስሶ አገኘሁት። ቆርቆሮው ያፈሳል ብዬ እያንዳንዱን ሚስማር በሬንጅ ደፈንኩ፤ በማግስቱም ጠብታው እንደ ነበረ ነበር።

የዝናብ ፍሳሽ የሚስማር ቀዳዳን ወይም የቆርቆሮ መደራረቢያን ተከትሎ ይወርዳል፣ ዙሪያውንም የዝገት ቀለበት ይተዋል። እኔ ያየሁት ግን በቆርቆሮው የውስጥ ገጽ ሁሉ ላይ እንደ ጤዛ የተዘራ ነበር፤ በእርግጥም ጤዛ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከዙሪያው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ከትንፋሽ፣ ከሻይ ማፍያና በደንብ ካልደረቀ ጭቃ የወጣው እርጥበትም ሲነካው ወደ ውኃነት ይለወጣል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ የሆነ አየር 12 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲያገኝ ማላብ ይጀምራል፤ የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ደግሞ ከዚህ በታች ይወርዳል።

መፍትሄው ኮርኒስ ነው። የአቡጀዲ ኮርኒስ ፎም ስለማይሸከም ከሞራሌ ፍርግርግ ሠርቶ ቺፑድ ወይም ጂፕሰም ቦርድ መምታት፣ በላዩ ላስቲክ ዘርግቶ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ሳይሳሳ ማልበስ ያስፈልጋል። ላስቲኩ ከፎሙ በታች፣ ማለትም በክፍሉ በኩል የሚሆነው፣ እርጥቡ አየር ሽቅብ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ እንዳያገኝ ነው። ከፎሙ በላይ፣ በቆርቆሮው ሥር ያለው ክፍት ቦታ ግን በሁለቱም የክፈፍ ጎኖች ነፋስ ሊያገኝ ይገባል፤ አይጥና ወፍ እንዳይገቡም በወንፊት ሽቦ ይሸፈን።

እኩለ ቀን ላይ መቀመጥ አይቻልም

ይህንንም ያው ኮርኒስ አብዛኛውን ያቃልለዋል፤ የዛገ ቆርቆሮን ነጭ ቀለም መቀባትም በርካሽ ዋጋ ብዙ ይረዳል። የሚያብረቀርቅ ፎይል የገዛ ሰው ግን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቆ ከመታው ገንዘቡን ጥሏል፤ ፎይል የሚሠራው የሚያብረቀርቀው ገጹ ፊት ለፊት ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አየር ሲኖረው ነው።

ኮርኒስ ከተመታ በኋላም ብርዱ አልቀነሰም

ነፋስ በሌላ በኩል እየገባ ነው ማለት ነው። ማታ፣ ውጭ ነፋስ ሲኖር፣ ዕጣን አጭሶ ጭሱን በበሩ ግርጌ፣ በመስኮቱ ፍሬምና ግድግዳው ከጣሪያው በሚገናኝበት መስመር ቀስ ብሎ ማዞር ነው፤ ጭሱ ተጣምሞ የሚሸሽበት ቦታ ቀዳዳ አለ። ጭድ የበዛበት ጭቃ ለግድግዳው፣ ጎማ ለበሩ ይበቃል። በዚህ መልክ በተደፈነ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰውም ሳያውቀው ይገድላል።

ወለሉ ይረጥባል

አንድ ፌስታል ቀዶ፣ ጠርዙን በሙሉ በፕላስተር ሊሾው ላይ ለጥፎ ማሳደር ነው። ጠዋት ውኃው ከፌስታሉ ሥር ከተገኘ እርጥበቱ ከመሬት እየመጣ ነው፤ ከላዩ ከሆነ ከክፍሉ አየር ነው። ከመሬት ለሚመጣው፣ ውጭ ያለው አፈር ከወለሉ ዝቅ እንዲል መቁረጥ፣ በጣሪያው ጠርዝ አሸንዳ መስቀልና የውኃ መውረጃ ቦይ ማውጣት ይቀድማል። ገና ላልተሠራ ወለል በድንጋይ ንጣፉና በኮንክሪቱ መካከል የሚዘረጋ ወፍራም ላስቲክ ከሁሉም ይረክሳል።

ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ምሰሶው ይበላል

ሲደርቅ የተሰነጠቀ ምርጊት ጭድ ያነሰው ነው፤ ሁለተኛው እጅ የሚመረገው የመጀመሪያው ጨርሶ ከደረቀ በኋላ ነው። በየክረምቱ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንደ ቦሌና አቃቂ ባሉ አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ስለዚህ ልስን እየደጋገሙ ከመድከም በፊት አፈሩን ቆፍሮ አውጥቶ በተጠቀጠቀ ቀይ አሸዋ መተካት ይገባል። ምሰሶን በተመለከተ፣ የተቃጠለ ዘይት መቀባት ምስጥን ለጊዜው ቢያዘገይም እንጨቱን ከአፈር ጋር ጨርሶ አለማገናኘት፣ በኮንክሪት እግር ላይ ማቆም ይሻላል።

ከፎሙ አጠገብ ኤሌክትሪክ ወይም ብየዳ ካለ

ፎም በቶሎ ይቀልጣል፣ ሲነድም ጥቁርና መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ ስለዚህ ብየዳና ግራይንደር በሚሠራበት ክፍል ፎሙ ሳይሸፈን መተው የለበትም፣ በጂፕሰም ቦርድ ወይም በልስን ይሸፈን። ሌላው ኤሌክትሪክ ሠራተኞችም አንዳንዴ የሚዘነጉት ነገር፣ የገመዱ ፕላስቲክ ለዓመታት ፎም እየነካ ሲቆይ ማለስለሻው ወደ ፎሙ ስለሚሰርግ ልባሱ ደርቆ መሰንጠቁ ነው፤ ገመዱ በፎሙ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ በቱቦ ይለፍ።