ከአዳማ ለክረምት አሜሪካ ለሚሄድ ቤተሰብ፦ የቤዝቦል ሜዳዎችን በመኪና መዞር

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ከአዳማ የሚነሳ ቤተሰብ አሜሪካ የሚገባው ቤዝቦሉ በጦፈበት ሰሞን ነው። የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) መደበኛ ውድድር በመጋቢት አጋማሽ አካባቢ ይጀምርና በመስቀል ሰሞን ያልቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ከጥቂት ቀናት በስተቀር ጨዋታ የሌለበት ቀን የለም። ዋሽንግተን፣ ባልቲሞር፣ ፊላደልፊያ፣ ኒው ዮርክና ቦስተን በአይ-95 አውራ ጎዳና ተያይዘው ስድስት ሜዳ ይዘዋል። የዘመድ ቤት መነሻ ከሆነ በሰባት ወይም በስምንት ቀን ውስጥ አራቱን ተረጋግቶ ማየት ይቻላል። ስድስቱንም በአንድ ሳምንት ልጨርስ የሚል ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው መንገድና የመኪና ማቆሚያ ነው።

ካርታ ከመክፈታችሁ በፊት መርሐ ግብሩን አውጡ

በሊጉ 30 ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ 162 ጨዋታ ያደርጋል፣ 81ዱ በሜዳው ነው። አንድ ቡድን አንድ ሳምንት ያህል በሜዳው ከተጫወተ በኋላ ለሌላ አንድ ሳምንት ያህል ይወጣል። ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ጨዋታ በተከታታይ ይደረጋል፤ የተለመደው አከፋፈል ከሰኞ እስከ ረቡዕ ወይም ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከዚያም ከዓርብ እስከ እሑድ ነው። ሰኞና ሐሙስ የዕረፍት ቀን ሆነው ስለሚገኙ ለመንዳት የሚመረጡት እነሱ ናቸው።

አንድ ወረቀት ውሰዱ። ወደ ጎን ቀኖቹን፣ ወደ ታች ስድስቱን ቡድኖች ጻፉ፦ ናሽናልስ (ዋሽንግተን)፣ ኦሪዮልስ (ባልቲሞር)፣ ፊሊስ (ፊላደልፊያ)፣ ያንኪስና ሜትስ (ኒው ዮርክ)፣ ሬድ ሶክስ (ቦስተን)። ከሊጉ ድረ ገጽ እያያችሁ ቡድኑ በሜዳው የሚጫወትባቸውን ቀኖች ብቻ ቀቡ። ቀለሙ ከደቡብ ወደ ሰሜን በተከታታይ ደረጃ የሚሠራበት ሳምንት የናንተ ሳምንት ነው። ሁለቱ የኒው ዮርክ ቡድኖች አንዱ ሲገባ ሌላው የመውጣት ልማድ ስላላቸው ሁለቱንም ማየት የሚፈልግ ሰው የሚቀያየሩበትን ቀን መፈለግ አለበት፤ እሑድ ያንኪስ ጨርሶ ሲወጣ ማክሰኞ ሜትስ የሚገባበት ዓይነት። ከሐምሌ 5 እስከ 10 ባለው ጊዜ ደግሞ ለኮከቦች ጨዋታ ሲባል መደበኛው ውድድር ለአራት ቀን ያህል ስለሚቋረጥ በዚያ ሳምንት ጉዞ አትጀምሩ።

የአውሮፕላን ትኬት የሚቆረጠው ይህ ወረቀት ካለቀ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ማታ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ዋሽንግተን የሚያርፈውን በረራ የያዘ ሰው የሰባት ሰዓት ልዩነት ስላለበት ለሁለት ቀን ያህል በምሽት ጨዋታ ላይ ዓይኑ አይከፈትም። የመጀመሪያውን ጨዋታ ከደረሳችሁ ከሦስተኛው ቀን በፊት አታድርጉት።

አንድና ሰባት

ትልቁ የሰዓት ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። የእሑድ ጨዋታ ብዙ ጊዜ 1:35 ይጀምራል፣ የሥራ ቀን ጨዋታ ደግሞ 7:05 አካባቢ። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ከቀኑ 7:35፣ ሁለተኛው ከምሽቱ 1:05 ነው። እዚያ የቆየ ዘመድ «ጨዋታው አንድ ሰዓት ላይ ነው» ሲላችሁ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መገመት አይቻልም፤ ሰባትም ቢላችሁ እንደዚያው። ስለዚህ ቤተሰብ ውስጥ ስትነጋገሩ ሁልጊዜ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለውን ጨምሩ፤ በወረቀቱ ላይ ደግሞ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉ። አዳማ ሆናችሁ ለመለማመድ ጨዋታ በቀጥታ ማየት ካማራችሁም የምሽቱ ጨዋታ የሚጀምረው እዚህ ከሌሊቱ 8:05 ላይ ስለሆነ የእሑዱን ምረጡ፤ እሱ እዚህ ከምሽቱ 2:35 ነው።

ትኬት

ትኬት በወረቀት አይመጣም። የሊጉ የሞባይል አፕ ውስጥ ይቀመጣል፣ በር ላይ ስልኩ ይነበባል። የኛ አገር የባንክ ካርድ በውጭ ድረ ገጽ ላይ ላይሠራ ስለሚችል ግዢውን ለዘመድ ተዉት፤ እሱ በራሱ ስልክ የሁሉንም ትኬት ይዞ አብሯችሁ ሊገባ ይችላል፣ ወይም አፑ ውስጥ ለየስልካችሁ ያስተላልፍላችኋል። ፎቶ አንስቶ መላክ ላይ አትተማመኑ፤ በር ላይ የማይነበብበት ጊዜ አለ። ስልኩ ቻርጅና ኢንተርኔት ከሌለው ትኬት እንደሌላችሁ ቁጠሩት፤ ከቤት ሳትወጡ ትኬቱን ከፍታችሁ አረጋግጡ።

ወንበር ስትመርጡ ፀሐይዋን አስቡ። ዋሽንግተንና ባልቲሞር ላይ ከሰዓት በኋላ ጥላ ቀድሞ የሚያርፈው በሦስተኛው ቤዝ በኩል፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ሆኖ ሜዳውን ለሚያይ በግራ ባሉት ወንበሮች ላይ ነው። በአንደኛው ቤዝ በኩል፣ ማለትም በቀኝ፣ እና በቀኝ ሜዳ የሚቀመጥ ሰው ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይቀበላል። የሐምሌ ሙቀት ዋሽንግተን ላይ 32 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አዳማም ሙቀት አለ ትሉ ይሆናል፣ ግን የዚያኛው አየር እርጥበት ያለው ስለሆነ ላብ አይደርቅም፣ ልጆችና አረጋውያን ቶሎ ይደክማሉ። እማማ ወይም አባባ አብረው ከሄዱ የምሽት ጨዋታ ያዙላቸው፣ በደረጃ ብዙ የማያስወጣ ቦታም ፈልጉ።

መንገዱ

ከዋሽንግተን ባልቲሞር 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከአዳማ አሰላ ከሚያስኬደው ያነሰ። ከባልቲሞር ፊላደልፊያ 160፣ ከፊላደልፊያ ኒው ዮርክ 150፣ ከኒው ዮርክ ቦስተን 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ቁጥሩን አይታችሁ ቀላል ነው አትበሉ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን የሚወጣ ሰው ባልቲሞር ለመድረስ ሁለት ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። ጠዋት ተነሱ።

መኪናውን የአገሩ መንጃ ፈቃድ ያለው ዘመድ ቢነዳ ይመረጣል። መኪና ከተከራያችሁ ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ሹፌር ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል። የመንገድ ክፍያው ነገር ደግሞ ብዙዎችን ያስደነግጣል። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ስንገባ ካርድ ወስደን ስንወጣ እንከፍላለን፤ እዚያ ግን ብዙ ቦታ ላይ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፣ ካሜራ ታርጋውን ያነሳና ሂሳቡ በኋላ ይመጣል። ኪራይ መኪና ከሆነ አከራዩ በመንገዱ ክፍያ ላይ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። መፍትሔው የመንገድ ክፍያን በራሱ የሚያስከፍለውን ኢዚ-ፓስ የሚባል መሣሪያ ከዘመድ ተውሶ መስታወቱ ላይ መለጠፍ፣ የኪራዩንም መኪና ታርጋ ለጉዞው ቀናት በዘመዱ አካውንት ላይ ማስመዝገብ ነው። መኪናውን ስትመልሱ ታርጋውን ከአካውንቱ ማስወጣት አትርሱ፤ አለበለዚያ ቀጣዩ ተከራይ የሚያልፍበትን ሁሉ ዘመዳችሁ ይከፍላል።

ሜዳዎቹ

ለመጀመሪያ ጨዋታ ባልቲሞርን ምረጡ። በ1992 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው የኦሪዮልስ ሜዳ ካምደን ያርድስ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ብዙ ሜዳዎች መልሰው መላልሰው የቀዱት ነው፤ ከቀኝ ሜዳ ጀርባ ያለውን ረጅም የጡብ መጋዘን ሳያፈርሱ የሜዳው አካል አደረጉት። በሜዳውና በመጋዘኑ መካከል ባለው ዩታው ጎዳና ላይ ስትሄዱ ዓይናችሁን መሬት ላይ ጣሉ፤ እዚያ ድረስ ተመትተው የወደቁ ኳሶች ያረፉበት ቦታ ላይ የነሐስ ምልክት ተቀብሯል። በውድድር ጨዋታ መጋዘኑን ራሱን በአየር የመታ የለም፤ ኬን ግሪፊ ጁኒየር በ1993 የመታው በኮከቦች የመምታት ውድድር ላይ ነው። የኦሪዮልሱ ካል ሪፕከን ያለ አንድ ቀን ዕረፍት 2,131ኛ ተከታታይ ጨዋታውን አድርጎ የሉ ጌሪግን ክብረ ወሰን የሰበረውም በ1995 እዚሁ ሜዳ ነው። ዝነኛው የቤዝቦል ተጫዋች ቤቢ ሩት የተወለደበት ቤት በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ሙዚየም ሆኖ ይገኛል። በር እንደተከፈተ ግቡ፤ ይህንን ሁሉ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ማየት አይመችም።

ዋሽንግተን ላይ መኪና ቤት ይቅር። ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ባቡር ቀይ መስመር እስከ ፎርት ቶተን፣ ከዚያ በአረንጓዴ እስከ ኔቪ ያርድ። ናሽናልስ ፓርክ በ2008 የተከፈተ ነው፣ ከጣቢያው በእግር ቅርብ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ሕዝቡ በአንዴ ጣቢያው ላይ ስለሚከማች ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ሃያ ደቂቃ ወንበራችሁ ላይ ቆዩ።

ፊላደልፊያ ለመኪና የሚመቸው እሱ ነው፤ ሜዳው ዙሪያውን ሰፊ ማቆሚያ አለው፣ ክፍያ ግን አለ። መሃል ከተማ ያደረ ሰው የብሮድ ጎዳናን ባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ ይያዝ። የፊሊስ ተጫዋች ኳሱን ከሜዳ ሲያስወጣ ከመሃል ሜዳው በስተቀኝ ያለው ትልቅ የመብራት ደወል ይወዛወዛል፤ ልጆች የሚጠብቁት እሱን ነው።

ኒው ዮርክ በመኪና አትግቡ። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከማንሃተን 60ኛ ጎዳና በታች የሚገባ መኪና ራሱን የቻለ ክፍያ አለበት፤ ድልድዩም ማቆሚያውም ተጨምሮበት ሂሳቡ ከትኬቱ ይበልጣል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ መኪና የሚያሳድር ሆቴል ያዙ። ከዚያ በባቡር ማንሃተን፣ ከማንሃተን ለያንኪስ በ4፣ በቢ ወይም በዲ ባቡር 161ኛ ጎዳና፣ ለሜትስ በ7 ቁጥር ባቡር ሜትስ–ዊሌትስ ፖይንት። ሁለቱም ሜዳዎች የተከፈቱት በ2009 ነው። አንዱን ብቻ ማየት የሚችል ቤተሰብ ሜትስን እንዲመርጥ እንመክራለን፤ ዋናው መግቢያ በ1947 ጥቁር ተጫዋች ሆኖ በመግባት የሊጉን የዘር አጥር ለሰበረው ለጃኪ ሮቢንሰን የተሠራ ነው፤ የእሱ 42 ቁጥር በሊጉ በሙሉ ለማንም እንዳይሰጥ ከ1997 ጀምሮ ተነሥቷል። ይህንን ለልጆች አስቀድሞ መንገር ዋጋ አለው።

ቦስተን የሚታከለው ሁለት ተጨማሪ ቀን ላለው ነው። ፌንዌይ ፓርክ በ1912 የተከፈተ፣ ከሁሉም ያረጀው ሜዳ ነው፤ በግራ በኩል ያለው አረንጓዴ ግድግዳ ቁመቱ ከ11 ሜትር ይበልጣል።

ዝናብ፣ ምግብና ኳስ

በሐምሌና በነሐሴ በዚያ አገር ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ነጎድጓድ ይመጣል። ጨዋታው ሳይጀመር ከተሰረዘ ትኬቱ ለተተኪው ቀን ያገለግላል፤ ተተኪው ቀን ግን እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጣም የምትፈልጉትን ሜዳ ከተከታታዩ ጨዋታዎች በመጀመሪያው ቀን አስገቡ፤ ቢሰረዝ በማግስቱ ሌላ ትኬት ትገዛላችሁ።

ባልቲሞር፣ ዋሽንግተንና ፊላደልፊያ ላይ ምግብ ከውጭ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ያልተከፈተ የፕላስቲክ ውኃም እንዲሁ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በሚያሳይ ፕላስቲክ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከአዳማ ይዛችሁ ከሄዳችሁ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ምግብ መያዛችሁን ተናገሩ፣ ሳይናገሩ መገኘት ያስቀጣል። ፍልሰታን የምትጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው ጊዜ ሜዳ ውስጥ የምታገኙት ኦቾሎኒና ፕሬትዝል ነው፤ ፕሬትዝሉን ቅቤ ሳይቀባ ጠይቁ። ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ ሆት ዶጉ የበሬ ሥጋ ነው ማለት ሐላል ነው ማለት እንዳልሆነ ይወቁ። ብዙ ሜዳዎች ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ የጀርባ ቦርሳም ይከለክላሉ። የቦርሳ ልክ ከሜዳ ሜዳ ስለሚለያይ በየዕለቱ ጠዋት የሜዳውን ገጽ እዩ፣ ባዶ እጅ መሄድ ግን ሁልጊዜ ያስገባል።

የተመታ ኳስ ወደ ተመልካች ይመጣል፣ ፍጥነቱም ከ150 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሊበልጥ ይችላል። ከመቺው ጀርባና በሁለቱም ጎን መረብ አለ። ከመረቡ አልፎ ለሜዳው ቅርብ የሚቀመጥ ሰው ኳስ ሲወረወር ስልኩን አይመልከት፤ ሕፃን ያቀፈ ከመረብ ጀርባ ይቀመጥ።

ጨዋታውን ለመከተል ይህ ይበቃል፦ ዘጠኝ ዙር አለ፣ በየዙሩ ሁለቱም ቡድኖች በተራ ይመታሉ፣ ከሚመታው ቡድን ሦስት ሰው ተሸንፎ ሲወጣ ተራው ለሌላው ቡድን ያልፋል። ከ2023 ጀምሮ ወርዋሪው በሰዓት ተገድቧል፤ ቤዝ ላይ ሯጭ ከሌለ ኳሱን ለመወርወር 15 ሴኮንድ ብቻ አለው። በዚህ ምክንያት ጨዋታው በአማካይ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወርዷል። የመጨረሻውን ባቡር ስታሰሉ ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ያዙ፤ ዘጠኙ ዙር በእኩል ካለቀ ጨዋታው አሸናፊ እስኪገኝ ይቀጥላል።