በመዝናኛ መርከብ ላይ ሥዕል ስትገዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አክስቴ ከባልቲሞር ተነስቶ ቤርሙዳ ደርሶ በሚመለስ የመዝናኛ መርከብ ላይ ሥዕል ገዛች። አብሬያት ነበርኩ። መርከቡ ወደብ የማይነካበት፣ ባሕር ላይ የሚውልበት ቀን ነው። ሰው በልቶ፣ ዋኝቶ፣ ተኝቶ ጨርሷል። ከሰዓት በኋላ አንዱ አዳራሽ ውስጥ ሥዕሎች ማቆሚያ ላይ ተደርድረው፣ መብራት በርቶላቸው ይታያሉ። በር ላይ ሻምፓኝ በነፃ ይታደላል። ጨረታው ላይ የሚነሳ፣ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ሰጧት። የወደደችው ሥዕል አመሻሽ ላይ ያለ ባሕርና አንዲት ነጭ ጀልባ ነበረበት። አጫራቹ መዶሻውን ሲያሳርፍ ዋጋው 1,450 ዶላር ነበር። አዳራሹ አጨበጨበላት። እሷ ደስ አላት፤ እኔም ደስ አለኝ።

ነገሩን ማጣራት የጀመርኩት ቤት ከተመለስን በኋላ ነው። በዙሪያዬ ያሉ ሐበሾች ክሩዝ መሄድ ለምደዋል። አንዳንዶቹም «እዚያ የሚሸጠው ሥዕል ያዋጣል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ያወቅኩትን እነሆ።

«ጨረታ ስለሆነ ርካሽ ነው» ብሎ መግባት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹ ሁሉ የሚወለዱት ከዚህ ነው።

እኛ አገር ሐራጅ ሲባል ትዝ የሚለን ባንክ የተበዳሪን ቤት ሲሸጥ ነው። ሻጩ መሸጥ አለበት። ቤቱ አንድ ነው። የሚፈልጉት ሰዎች ተፎካክረው ዋጋውን ያወጡታል። ስለዚህ አንዳንዴ ርካሽ ነገር ይገኛል።

መርከቡ ላይ ግን ሥዕሉን የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ከመርከብ ድርጅቱ ጋር ውል ያለው ነጋዴ ነው። ከሽያጩ ለመርከቡ ድርሻ ይከፍላል። ዕቃው የራሱ ነው፣ መነሻ ዋጋውን የሚያወጣው ራሱ ነው፣ ካልተሸጠ መልሶ ያስቀምጠዋል። የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ወረቀቱ ላይ «የጋለሪ ዋጋ 3,200 ዶላር» ተብሎ የተጻፈውንም ያወጣው ያው ሻጭ ነው። ከ3,200 ወደ 1,450 ወረደ ሲባል ከየት ነው የወረደው? እሱ ራሱ ከጻፈው ቁጥር ነው።

እዚያው ዓይኔ ያየውን ልንገራችሁ። አንድ ሥዕል ተሸጠ። አጫራቹ ወዲያው «በዚሁ ዋጋ ሌላ የሚፈልግ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሦስት ካርድ ተነሳ። ለሦስቱም ሸጠላቸው። በሐራጅ አንድ ቤት ለአራት ሰው አይሸጥም። መጋዘን ውስጥ መቶ ሁለት መቶ ያለው ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ሱቅ ነው። ከሱቅ መግዛት ነውር የለውም። ግን ሱቅ ስንገባ የምናደርገውን ማድረግ አለብን፤ ዋጋ መጠየቅ፣ ሌላ ቦታ ማወዳደር፣ «አስቤ እመለሳለሁ» ማለት።

የጨረታ ሙቀት ምን እንደሆነ ደግሞ እናውቀዋለን። ቤተ ክርስቲያን ገቢ ማሰባሰቢያ ላይ አንድ ጥላ ወይም አንድ ድፎ ዳቦ ሲጫረት፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ሰው ከዋጋው አሥር እጥፍ ይጠራል። እዚያ ግን አስቦበት ነው፣ ለበረከት ነው። መርከቡ ላይ ያው ሙቀት አለ፣ በረከቱ ግን የለም።

ኅትመትን ከሥዕል ጋር ማምታታት

መርከብ ላይ ከሚሸጠው ውስጥ ብዙው ሠዓሊው በእጁ የሣለው ኦሪጅናል አይደለም፤ ኅትመት ነው። ኅትመት ግን ብዙ ዓይነት አለው፤ ልዩነቱን ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ሠዓሊ ራሱ በድንጋይ ላይ ሥሎ የሚያትመው ሊቶግራፍ አለ። በመዳብ ሰሌዳ ላይ ጭሮ በአሲድ አስበልቶ የሚያትመውም አለ፤ ኤችንግ ይባላል። እነዚህ ራሳቸውን የቻሉ የጥበብ ሥራዎች ናቸው፤ ሙዚየሞች ይሰበስቧቸዋል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ያለቀ ሥዕል ፎቶ ተነስቶ በማሽን የሚባዛ አለ። መርከቡ ላይ ደጋግማችሁ የምትሰሙት «ዢክሌ» የሚለው ቃል ይህን ነው የሚያመለክተው። ቃሉን በ1991 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ጃክ ዱጋን የተባለ የካሊፎርኒያ አታሚ ነው፤ ቀለም በሚረጭ ማሽን የታተመውን ሥራ የሚጠራበት ስም ፈልጎ ከፈረንሳይኛ አመጣው። ጥሩ ዢክሌ ጥሩ ቀለም፣ ጥሩ ወረቀት ወይም ሸራ አለው። ግን በመሠረቱ ከትልቅ የቀለም ፕሪንተር የወጣ ቅጂ ነው።

ሸራ ላይ መታተሙ አያታልላችሁ። በእጅ ስትዳስሱት መሻከሩም አያታልላችሁ። አንዳንዱ ቅጂ ከታተመ በኋላ ላዩ ላይ ትንሽ ቀለም ወይም እንደ ሙጫ ያለ ነገር በብሩሽ ይቀባበታል። «በእጅ የተዋበ» ይሉታል። የአክስቴን ሥዕል ስልኬን አስጠግቼ አጉልቼ ሳየው፣ ጀልባዋ ነጭ አልነበረችም። ሐምራዊ፣ ቢጫና ሰማያዊ ደቃቅ ነጠብጣቦች እንደተነሰነሰ በርበሬ ተበትነው ነበር። በብሩሽ የተሣለ ቀለም እንዲህ አይታይም። ይህን ማድረግ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ መርከቡ ላይ ሳለን ማንም አልነገረንም እንጂ።

ቁጥሩስ? 87/300 ማለት ከ300ው 87ኛው ነው። በዓለም ላይ ያለው ግን 300 ብቻ ላይሆን ይችላል። ለሠዓሊው ተብለው የሚታተሙ፣ በፊደል ምልክት ብቻ የሚለዩ አሉ። በሮማ ቁጥር የተለየ ሌላ ዙርም ሊኖር ይችላል። «ከዚህ ሥዕል በጠቅላላ፣ በሁሉም መጠንና ዓይነት፣ ስንት ታትሟል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ትልቅ ስም ሰምቶ መደንገጥ

ዳሊ፣ ፒካሶ፣ ሬምብራንት፤ ስማቸው በዓለም የታወቀ ሠዓሊዎች ናቸው። አዳራሹ ውስጥ እነዚህ ስሞች ሲጠሩ ሰው ቀና ይላል።

ሬምብራንት የሞተው በ1669 ነው። የቀረጻቸው የመዳብ ሰሌዳዎች ግን ብዙዎቹ ከሱ በኋላ ቆዩ። ስለዚህ እሱ ከሞተ ከመቶዎች ዓመታት በኋላም ከእነዚያው ሰሌዳዎች ታትሟል። ሻጩ «የሬምብራንት ኤችንግ» ሲል ውሸት አልተናገረም። ዋጋውን የሚወስነው ግን ወረቀቱ የታተመበት ዘመን ነው። በሕይወቱ ሳለ የታተመውና ዘግይቶ የታተመው በዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ፒካሶም ላይ እንዲሁ ነው፤ በ1973 ከሞተ በኋላ የልጅ ልጁ ማሪና ከወረሰቻቸው ሥራዎች በሌሎች አታሚዎች እጅ የተዘጋጁ ሊቶግራፎች አሉ። የፒካሶን ስም ይዘዋል፤ ፒካሶ ግን አልፈረመባቸውም።

ዳሊ ከሁሉም ያስፈራኛል። በ1974 በፈረንሳይና በአንዶራ ድንበር አንድ የጭነት መኪና ሲያዝ የዳሊ ፊርማ ያለበት 40,000 ባዶ ወረቀት ተገኝቶበታል። ባዶ ወረቀት ነው፤ ምንም አልተሣለበትም። ከዚያ በኋላ የዳሊ ፊርማ ብቻውን ምን ያረጋግጣል? በ2008 መርከብ ላይ የዳሊ ኅትመት የገዙ ሰዎች በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ክስ አቅርበው ነበር፤ ሻጩ ድርጅት ክሱን አስተባብሏል። እኔ ብሆን የዳሊን ኅትመት ገለልተኛ ባለሙያ ሳያየው ባሕር ላይ አልገዛም።

የግምት ወረቀትን እንደ ገንዘብ መቁጠር

ከግዢው ጋር ሁለት ወረቀት ይመጣል። አንዱ የእውነተኛነት ማረጋገጫ ነው፤ ሌላው የዋጋ ግምት። አክስቴ በግምቱ ላይ 3,400 ዶላር የሚል ስታይ «ተጠቀምኩ» አለች።

ይህ ግምት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለኢንሹራንስ ነው። ሥዕሉ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ፣ ያንኑ ሥዕል ከሱቅ ለመተካት ስንት ያስፈልጋል የሚለውን ነው የሚናገረው። «ነገ ብሸጠው ስንት አገኛለሁ» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ መልሱም በጣም ያነሰ ነው። ግምቱን የሰጠው ሻጩ ራሱ ከሆነ ደግሞ ነገሩ «የራሱን ቂጣ ማን ያማል» ነው። ማረጋገጫ ወረቀቱም የሻጩን ቃል ነው የሚደግመው። ወረቀት እፈልጋለሁ ካላችሁ፣ በሽያጩ ጥቅም ከሌለው ገማች አሠሩ።

ዋጋውን ሳያጣሩ ካርድ ማንሳት

ቀድሞ መርከብ ላይ ኢንተርኔት ማግኘት ከባድ ነበር። አሁን አለ፤ ውድ ነው፣ ግን አለ። ሥዕሎቹ ከጨረታው በፊት ለእይታ ይቀርባሉ። ያን ጊዜ ገብታችሁ የሠዓሊውን ስም፣ የሥዕሉን ርዕስ፣ መጠኑንና የኅትመቱን ዓይነት ጻፉ። ከዚያ በኢንተርኔት የጨረታ ቤቶች ላይ የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጉ። የተጠየቀበትን አይደለም፤ የተሸጠበትን። ሻጭ የፈለገውን ይጠይቃል።

እኔ የአክስቴን ሥዕል የፈለግኩት ዘግይቼ ነው። ያው ኅትመት ሦስት ጊዜ ተሸጦ አገኘሁ። ትልቁ ዋጋ 260 ዶላር ነበር። ለአክስቴ ለመንገር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

የመዶሻው ዋጋ የመጨረሻ መምሰሉ

1,450 ተብሎ ተጨበጨበ። በላዩ ላይ የገዢ ኮሚሽን 15 በመቶ፣ 217 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተጨመረ። ማጓጓዣ 95። ተጠቅልሎ ስለመጣ ቤት ሆነን ፍሬም አሠራን፤ 240። ድምሩ 2,002 ዶላር ከ50 ሆነ። ኮሚሽን መኖሩ ነውር አይደለም፤ የብስ ላይ ያሉ ትልልቅ የጨረታ ቤቶች እንዲያውም ከዚህ የበለጠ ይወስዳሉ። ካርዱን ከማንሳታችሁ በፊት ግን ደምሩት።

«ሥዕል ዋጋው ይጨምራል» ብሎ ማሰብ

ይጨምራል፤ የአንዳንዱ። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ አንድ ሥዕሏ በኅዳር 2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ስሰማ ኮርቻለሁ። ግን ያ ዋጋ እንዴት እንደተገነባ እዩ። ዓመታት ሥራ አለ። በ2021 ዊትኒ ሙዚየም ሥራዎቿን ሰብስቦ ትልቅ ትርኢት አድርጎላታል። የሚጽፉላት አጥኚዎች፣ የሚፎካከሩ ሰብሳቢዎች አሉ። አንድ ሥራ ዋጋው የሚያድገው ከእናንተ ከገዢዎቹ ውጭ የሚፈልገው ሌላ ሰው ሲኖር ነው። መርከብ ላይ በብዛት የሚሸጡ ቅጂዎች ከመርከቡ ሲወርዱ ያ ፈላጊ ይጠፋል። ስለዚህ «ለልጆቼ ቅርስ ይሆናል» ብላችሁ አትግዙ። ወዳችሁት፣ ዋጋውን አወዳድራችሁ፣ መቼም አልሸጠውም ብላችሁ ከሆነ ግዙ። እንዲህ ለገዛ ሰው ያዋጣል፤ በየቀኑ ያየዋል።

በ2,000 ዶላር ግን ምን ይገዛ እንደነበር ሳስብ ይቆጨኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች፣ አንድ ብቻ የሆነ፣ ቀለሙ በእጅ የተቀባ ሥራ ይሸጣሉ። ሠዓሊውን አግኝታችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ፣ ለምን እንደሣለው ጠይቃችሁ ትገዛላችሁ።

ዕቃው ሲደርስ አለማየት

ብዙ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ያያችሁት ሥዕል ናሙና ነው። ወደ ቤት የሚላክላችሁ ከመጋዘን የሚወጣ ሌላ ቅጂ ነው። የተፈረመው ወረቀት ላይ ይህ ይጻፋል፤ ክርክር ቢነሳ በፍርድ ቤት ሳይሆን በግልግል ዳኛ እንደሚታይም ይጻፋል። አክስቴ ሳታነብ ፈረመች። እኔም አጠገቧ ቆሜ አላነበብኩም።

ሥዕሉ የተጠቀለለበት ቱቦ ከሰባት ሳምንት በኋላ ደረሰ። «ለእንቁጣጣሽ ፍሬም አሠርቼ እሰቅለዋለሁ» ብላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ስትከፍተው ቁጥሩ 214/300 ነበር፤ መርከቡ ላይ ያየነው 87 ነው። አንዱ ጥግም ታጥፏል። ወደ ክሬዲት ካርድ ድርጅቱ ደወልን። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ አቤቱታ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ መግለጫ በተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መድረስ አለበት። አልፏል አሉን።

ስለዚህ የምትገዙ ከሆነ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ ቀኑንም ቁጠሩ። ቱቦው በደረሰ ዕለት ክፈቱት። መርከቡ ላይ ሳላችሁ ደግሞ የሥዕሉን ፊትና ጀርባ በስልክ አንሱ፤ የታችኛውን ግራ ጥግ ለብቻው አንሱት። በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።