ቢጫው ሳይበራ ወስኑ

መንዳት የማሠለጥናቸው ሰዎች ስለ ቀይ መብራት ካሜራ፣ ማለትም ቀይ የሚጥሰውን መኪና ፎቶ ስለሚያነሳው ካሜራ፣ ሲያወሩ ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው፤ «የትኛው መብራት ላይ ነው የተተከለው?» ባውቅም አልነግራቸውም። ካሜራው ያለበትን ቦታ የሸመደደ ሹፌር እዚያ ሲደርስ ድንገት ፍሬን ይይዛል። ካሜራ የሌለበት ጋ ሲደርስ ደግሞ ነዳጅ ይረግጣል። እኔ የማስተምረው ሌላ ነገር ነው፤ ቢጫው ሳይበራ መወሰን።

ትንሽ ሒሳብ ታገሡኝ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ። ቢጫ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሴኮንድ ይቆያል፣ ፈጣን መንገድ ላይ ይረዝማል። 3 ሴኮንድ ነው እንበል። በዚህ ጊዜ 42 ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ። መቆም ብትፈልጉስ? አይታችሁ እግራችሁ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሴኮንድ ያልፋል። ከዚያ ተሳፋሪ ወደ ፊት ሳይወረወር ረጋ ብሎ ለመቆም፣ በድምሩ 46 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። እንግዲህ ቢጫው የበራው ከማቆሚያው መስመር 44 ሜትር ላይ ሳላችሁ ከሆነ፣ በያዛችሁት ፍጥነት በጊዜ አትደርሱም፤ ረጋ ብላችሁም አትቆሙም። መሐል ቤት ቀራችሁ።

በ50 ይህች ክፉ ቦታ 4 ሜትር ብቻ ናት። በ60 ስትነዱ 13 ሜትር ገደማ ትሆናለች። በ70 ደግሞ 24 ሜትር። በ40 ግን ትጠፋለች፤ ወይ ታልፋላችሁ፣ ወይ ትቆማላችሁ። ጋዚስ፣ ኸርማን እና ማራዱዲን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1960 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በሒሳብ አሳይተዋል። የቢጫው ርዝመት ከመንገዱ ፍጥነት ጋር ካልተመጣጠነ ሕግ አክባሪውም ሰው መውጫ ያጣል። የቢጫውን ርዝመት እናንተ አትወስኑም። ፍጥነታችሁን ግን ትወስናላችሁ።

ስለዚህ መብራቱን ከሩቅ ያዙት። አረንጓዴ ሲሆን በዓይናችሁ ካያችሁት ገና ትኩስ ነው፣ ጊዜ አለው። መጀመሪያ ስታዩት ጀምሮ አረንጓዴ ከነበረ ግን የቆየ ነውና አትመኑት። አሁን ይለወጣል ብላችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ። ፍሬን መያዝ አያስፈልግም፤ መኪናው በራሱ ጋብ ይላል። የእግረኛው ሰዓት ወደ ዜሮ ሲቆጥር ከታያችሁ ተጠቀሙበት። ግን ዜሮ በገባ ቁጥር የእናንተም መብራት ይለወጣል ማለት አይደለም፤ ለመሽቀዳደሚያ እንዳታደርጉት።

ቀጥሎ ምልክት ምረጡ። የመብራት ምሰሶ፣ የመንገድ ምልክት፣ ዛፍ፣ ያገኛችሁትን። «ይህን ካለፍኩ በኋላ ቢጫ ቢበራ አልፋለሁ፣ ከዚህ በፊት ቢበራ እቆማለሁ» በሉ። ሠልጣኞቼን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ነው የማደርጋቸው፤ «መቆም እችላለሁ... እችላለሁ... አሁን አልችልም።» መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ይስቃሉ። ሲለምዱት ግን ቢጫ ሲበራ አይደነግጡም። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው የቪየና ስምምነት፣ ስለ መንገድ ምልክቶችና መብራቶች የተደረገው ዓለም አቀፍ ውል፣ ቢጫን የሚያየው እንደዚሁ ነው፤ ቁም፣ ያለ አደጋ መቆም የማትችልበት ርቀት ላይ ከደረስክ ብቻ እለፍ ይላል። «ቶሎ በል» የሚል ነገር የለበትም።

ምልክቱ ጋ ሳትደርሱ ስፖኪዮ እዩ። ከኋላ የተለጠፈባችሁ የጭነት መኪና ካለ ፍሬኑን ነካ ነካ አድርጉ። መብራታችሁ ብልጭ ሲልለት ይነቃል። ዝናብ ከሆነ የፍሬን ርቀት ይረዝማልና ምልክታችሁን ወደ መስመሩ ማስጠጋት አይሠራም፤ ፍጥነቱን ከሩቅ ቀንሱት።

ከአውቶቡስ ወይም ከትልቅ መኪና ኋላ ተለጥፎ መሄድ ደግሞ ብዙ ሰው ሳያውቀው ቀይ የሚጥስበት መንገድ ነው። መብራቱ ተሸፍኗል፣ እሱ በቢጫ ያልፋል፣ እናንተ ተከትላችሁ በቀይ ትገባላችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መብራቱ እስኪታያችሁ ወደ ኋላ ቅሩ። አንዱ መጥቶ ክፍተቱ ውስጥ ቢገባባችሁም ይግባ። አሁንም ቅሩ።

ስለ ካሜራው አሠራር ማወቅ የሚጠቅመው ላለመደናገጥ ነው። አንዳንዱ አስፋልት ውስጥ የተቀበረ ሽቦ አለው፣ አንዳንዱ በራዳር ወይም በቪዲዮ ይሠራል። አብዛኛው ግን ከትራፊክ መብራቱ ጋር የተገናኘ ነው። ዋና ሥራው ቀይ ከበራ በኋላ መስመሩን የሚያልፈውን መያዝ ነው። በቢጫ ገብታችሁ መሐል ላይ ሳላችሁ ቀይ ቢበራ፣ ቀይ የጣሰ ተብሎ የሚያዘው እናንተን የመሰለ ሰው አይደለም። ስለዚህ መስቀለኛው መሐል ላይ ፍሬን አትያዙ፣ ውጡ። በነገራችን ላይ የፍጥነት ካሜራን የፈለሰፈው ሆላንዳዊ ጋትሶኒደስ ራሱ የመኪና ተወዳዳሪ ነበር፣ በ1953 እ.ኤ.አ. የሞንቴ ካርሎ ራሊን ያሸነፈ። መሣሪያውን የፈለገው ኩርባ ላይ ይበልጥ ለመፍጠን ነበር!

ካሜራ ይጠቅማል ወይ ለምትሉኝ፣ አዎ እላለሁ፣ ግን ዋጋ አለው። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ የመንግሥት ጥናት በሰባት አካባቢዎች ያሉ መስቀለኛ መንገዶችን አይቶ ነበር። ካሜራ ሲገባ የጎን ግጭት ሩብ ያህል ቀንሷል፣ ከኋላ የሚደርስ ግጭት ግን 15 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ካሜራ ፈርተው ድንገት ፍሬን የሚይዙትን አስቡ። ከሁለቱ የጎኑ ይብሳል፤ በጎን በኩል በሰውየውና በሚመጣው መኪና መካከል ያለው በር ብቻ ነው። ቢሆንም ከኋላ የሚገጨውም ሰው አንገት አለው። ቀድሞ የወሰነ ሹፌር ከሁለቱም ይተርፋል።

እናንተ ቆማችሁ አረንጓዴ ሲበራላችሁስ? ወዲያው አትዘሉ። ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ እዩ። ብዙ ቦታ የአንዱ ቀይ ከበራ በኋላ የሌላው አረንጓዴ እስኪበራ አንድ ሁለት ሴኮንድ ሁሉም ቀይ ይሆናል። ዘግይቶ የሚመጣ ደፋር ግን ይህንንም ይበላዋል። በተለይ አጠገባችሁ ያለው ትልቅ መኪና አረንጓዴ እያየ ካልተንቀሳቀሰ እናንተም አትንቀሳቀሱ። ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ እናንተ ያላያችሁትን አይቶ ይሆናል። ከኋላ ያለው ክላክስ ቢያደርግ ያድርግ። ከማዶ ያለው ሰልፍ ካልተንቀሳቀሰም አትግቡ፤ አረንጓዴው መሐል ላይ ቆሞ መንገድ የመዝጋት ፈቃድ አይሰጥም።

ፍሬን ይዛችሁ መስመሩን በትንሹ አልፋችሁ ከቆማችሁ እዚያው ቁሙ። ማርሽ ኋላ አስገብታችሁ አትመለሱ፤ እግረኛ ወይም ሞተር ሳይክል ከኋላ ሊኖር ይችላል። «አንዴ አልፌያለሁ» ብሎ መቀጠል ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው።

ቅጣት ከደረሳችሁ ከመክፈላችሁም ከመጨቃጨቃችሁም በፊት ፎቶውን በደንብ እዩት። ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ቀዩ በርቶ መኪናው መስመሩ ላይ ሲደርስ፣ ሁለተኛው መስቀለኛው ውስጥ ሲገባ። ታርጋውን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የመኪናውን ዓይነትና ቀለም እዩ። ቀዩ የሚታየው በእናንተ ረድፍ በኩል ባለው መብራት ነው ወይስ በሌላው? ቀይ ከበራ ስንት ሴኮንድ እንዳለፈ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ የፊት ጎማችሁ መስመሩን አልፎ ከነበረ የገባችሁት ቀዩ ሳይበራ ሊሆን ይችላልና ይግባኝ የሚባልበትን ቀን ሳያልፍ ጠይቁ። በሁለቱም ፎቶ መኪናው አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ ቆማችኋል ማለት ነው። ይህንኑ በሁለት መስመር ጽፋችሁ ከፎቶዎቹ ጋር አያይዙ።