ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ቤት ለምትከራይ

ድሬ ሰው አንቱ አይባባልም፤ እኔም አንተ እያልኩ ልንገርህ። ቤቱ ረከሰልህ አይደል? የረከሰው ወንዙ ስር ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ፣ በራስህ ላይ ያለውን ሰማይ አትመን። ደቻቱ አሸዋ ነው፤ በጋውን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎ ተራራ በኩል ነው። እዚህ ጠብ ሳይል ሊሞላ ይችላል። ማታ ተራራው ላይ መብረቅ ካየህ ልጆቹን ይዘህ ከፍ ያለ ሰፈር ዘመድ ጋ እደር። ክረምት ብቻም እንዳይመስልህ፤ በሚያዝያ 2012ም ጎርፉ ሰው ገድሏል።

መታወቂያና የልጆቹን የልደት ካርድ በሁለት ፌስታል ጠቅልለህ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ስቀል። የግቢውን ቁልፍም እዚያው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ድምፁን ስሰማ ባቡር ነው ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ። የባቡር ከተማ ልጅ ነኛ! በጨለማ ቁልፉን ስዳብስ ውሃው ጉልበቴ ደርሶ ነበር። ለዕቃ እንዳትመለስ። እኔ ለአንድ ብረት ድስት ልመለስ ስል ጎረቤቴ በነጠላዬ ጎትታ አስቀረችኝ።

ያን ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 10 ሺህ ተፈናቀለ። ድንኳን ገባን። መዝጋቢው ስሜን አጣው። «ተከራይ ከሆንሽ አከራይሽን አምጪ» አለኝ። አከራዬን ውሃ ወስዷታል! ከየት ላምጣት? ያወጣኝ የዕድራችን ጸሐፊ ነው። ሰውየው ደብተሩን ብብቱ ስር ይዞ ነበር የሸሸው፤ የወር መዋጮዬ በስሜ ተጽፏል።

ስለዚህ የኪራይ ውልህን ዛሬውኑ በጽሑፍ አድርግ፤ ኮፒውን ሌላ ሰፈር ላለ ሰው ስጥ። ዕድር ግባ፤ ለቀብር ብቻ አይደለም።

ምትክ ቤት ቢሰጡህ ግድግዳውን እያየህ አትደሰት። ጎረቤቶችህ የት እንደደረሳቸው ጠይቅ፤ አብራችሁ እንድትሰፍሩ በአንድ ላይ ሆናችሁ አመልክቱ። ከመፈረምህ በፊት ደግሞ ከዚያ እስከ ቀፊራ ገበያ በባጃጅ ሂድና ሂሳቡን ቁጠር። እኔ አልቆጠርኩም። ቤቱ ደህና ነበር፣ ጣሪያው አያፈስም። ሳምቡሳ ጠብሼ በር ላይ ስቀመጥ ግን ግራ ቀኜ ያሉት ሴቶችም ሳምቡሳ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ገዢ የለም። እርስ በርስ ተቀያይረን በላን።