የፋይናንስ መኪናዬን ግማሽ መንገድ ላይ እንዴት እንደመለስኩ

መኪናዬን ልመልስ ለአበዳሪው የጻፍኩትን ደብዳቤ የመጀመሪያ ረቂቅ «በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ» ብዬ ነበር የጀመርኩት። ባለቤቴ አንብቦ ሳቀ። «ይሄ እኮ ማመልከቻ ነው፤ ቀበሌ ልታስገቢው ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ብሪታንያ ውስጥ በኤችፒ (በየወሩ ከፍላችሁ ስትጨርሱ የራሳችሁ በሚሆንበት ውል) ወይም በፒሲፒ (ወርሃዊው ቀለል ብሎ መጨረሻ ላይ ትልቅ ክፍያ ባለበት ውል) የወሰዳችሁትን መኪና ጊዜው ሳያልቅ መመለስ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ በአንቀጽ 99 የሰጣችሁ መብት ነው። አበዳሪው እንዲፈቅድላችሁ አትለምኑትም፤ ታሳውቁታላችሁ።

እኔ መኪናውን የገዛሁት በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያን ስንከባከብ ነው። በኋላ በእግር የሚደረስ ሥራ አገኘሁና መኪናው በር ላይ ቆሞ በየወሩ 260 ፓውንድ ይበላ ጀመር።

መጀመሪያ ውሉን ከመሳቢያ አውጡትና ዓይነቱን እዩ። በባንክ የግል ብድር የተገዛ መኪና የራሳችሁ ስለሆነ የሚመለስበት የለም። የሊዝ ኪራይ ከሆነም ይሄ መብት አይሠራም። ሚኒካብ የምትነዱ ደግሞ ልብ በሉ፤ በዋናነት ለሥራ ብላችሁ ከ25,000 ፓውንድ በላይ ከተበደራችሁ ውሉ ከዚህ ሕግ ጥበቃ ውጭ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ግማሹን ፈልጉ። ውሉ ውስጥ ስለ ማቋረጥ መብታችሁ የሚናገር ሣጥን አለ፤ ቁጥሩ እዚያው ተጽፏል። ግማሽ የሚባለው የጠቅላላ ክፍያው ግማሽ ነው፤ ዲፖዚቱ፣ ወለዱ፣ ፒሲፒ ከሆነ የመጨረሻው ትልቅ ክፍያም ተደምሮ። የኔ ዲፖዚት 1,200፣ ወርሃዊው 260 በ60 ወር፣ ድምሩ 16,800፣ ግማሹ 8,400 ነበር። በ26ኛው ወር ላይ ከነዲፖዚቱ 7,960 ከፍያለሁ። ስለዚህ የቀረኝ 440 ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ የከፈለ ሰው ትርፉ አይመለስለትም፤ ያሰበ ሰው ባይቆይ ይሻለዋል። ፒሲፒ ላይ የመጨረሻው ክፍያ ትልቅ ስለሆነ ግማሹ የሚሞላው ዘግይቶ ነው።

ግን ከመቸኮላችሁ በፊት አበዳሪውን «ዛሬ ጠቅልዬ ብከፍል ስንት ነው?» በሉት። ቀድሞ መዝጋትም መብት ነው፤ ወለዱም ይቀነሳል። መኪናው ገበያ ላይ ከዚያ በላይ የሚያወጣ ከሆነ መመለስ ኪሳራ ነው፤ ዕዳውን ዘግቶ መሸጥ ይሻላል። የኔ አያወጣም ነበር።

ወርሃዊ ክፍያ ያመለጣችሁ ካላችሁ ፈጥናችሁ ጻፉ። አበዳሪው ቀድሞ ውሉን ካቋረጠ ይሄ መብት አለቀ። የተጓተተው ወር ግን ዕዳችሁ ሆኖ ይቀራል።

ደብዳቤው አምስት መስመር ይበቃዋል። ስም፣ አድራሻ፣ የውል ቁጥር፣ የሰሌዳ ቁጥር፤ ከዚያ «በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 99 መሠረት ይህን ውል አቋርጫለሁ። መኪናውን የምትረከቡበትን ቀን አሳውቁኝ።» «ላቋርጥ አስቤያለሁ» አትበሉ፤ ማሰብ ማቋረጥ አይደለም። እኔ በኢሜይልም በተመዘገበ ፖስታም ልኬ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ከውሉ ጋር በስቴፕለር አያያዝኩት። ዳይሬክት ዴቢቱን (ከባንካችሁ በየወሩ ራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ) ደብዳቤው ሳይደርስ አትዝጉ፤ እስከዚያ ቀን የደረሰው ክፍያ ይጠየቃል።

አሁን ልቤን ያቃጠለው ነገር። አበዳሪዎቹ በሦስተኛው ቀን የላኩልኝ ፎርም ርዕሱ «በፈቃድ ማስረከብ» ይላል። የማይጎዳ ይመስላል አይደል? በፈቃድ ያስረከበ ሰው ግን መኪናው በጨረታ ተሸጦ ያልሸፈነውን ቀሪ ዕዳ በሙሉ ሊጠየቅ ይችላል፤ የግማሹ ገደብ አይጠብቀውም። ሳልፈርም መለስኩላቸው፤ «ያቋረጥኩት በአንቀጽ 99 ነው፣ ደብዳቤዬን እዩ» ብዬ። ስልክ ላይ ደግሞ አንዱ ሠራተኛቸው «440ዋን አስቀድመሽ ካልከፈልሽ አይሆንም» አለኝ። ሕጉ ገንዘቡን የማቋረጡ ውጤት እንጂ ቅድመ ሁኔታ አያደርገውም። በጽሑፍ ላክልኝ ስለው ጠፋ።

ለርክክቡ መኪናውን አጥባችሁ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሡ፤ አራቱን ጎን፣ ጎማዎቹን፣ ወንበሩን፣ የተነዳውን ማይል። ሕጉ የሚጠይቃችሁ ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ በአገልግሎት የመጣ ጭረት አያስከፍልም፣ የተሰበረ መስታወት ግን ያስከፍላል። ፒሲፒ ላይ ከተፈቀደው ማይል በላይ ለተነዳ ሲጠይቁ አከራካሪ ነውና ውላችሁን አንብቡ። መኪናውን ሊወስድ የመጣው ልጅ ታብሌት ላይ ፈርሚ ሲለኝ ከፊርማዬ በላይ ያለውን ሁሉ እንዲያሳየኝ አደረግኩ። ሁለቱንም ቁልፍ ሰጥቼ የርክክብ ወረቀት ተቀበልኩ። ኢንሹራንሱን የዘጋሁት መኪናው ከሄደ በኋላ ነው። መኪና ለሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለዲቪኤልኤም አሳወቅኩ፤ ያልተጠቀማችሁበትን ሙሉ ወር የመንገድ ታክስ ይመልሳሉ።

የብድር መዝገባችሁ ላይ በፈቃድ እንደተቋረጠ ይጻፋል። ዕዳ እንዳልከፈለ ሰው የሚመዘግብ ምልክት ካያችሁ ግን ስሕተት ነው፤ በጽሑፍ ቅሬታ አቅርቡ። በስምንት ሳምንት የመጨረሻ መልስ ካልሰጡ ወይም መልሱ ካልጣማችሁ በደንበኞችና በፋይናንስ ድርጅቶች መካከል ያለ ክርክር የሚዳኘው ፋይናንሻል ኦምቡድስማን በነፃ ያየዋል። እኔ እዚያ አልደረስኩም። 440ዋን ከፍዬ፣ ሂሳቡ ዜሮ መሆኑን የሚገልጸውን ደብዳቤ አስልኬ ከፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ጋር አስቀመጥኩት።