ኤኤቪ ፕላዝሚዴ ቫይረስ አልሰጥ ያለበት ምክንያት

ሦስት ጊዜ ኤኤቪ፣ ማለትም ጂን ወደ ሴል የሚያደርስ ትንሽ ቫይረስ፣ ሠራሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ምርቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ቫይረሱን የምሠራበት ፕላዝሚድ (ክብ ዲኤንኤ) የአስትሮሳይትን (ኮከብ መሰል የአንጎል ሴል) ሽፋን በጂኤፍፒ፣ አረንጓዴ በሚያበራ ፕሮቲን፣ የሚያበራ ነው፤ የሴሉ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ከሲናፕስ (ነርቭ ሴሎች መልእክት ከሚለዋወጡበት መገናኛ) ጋር የት እንደሚገናኙ ለማየት። መጀመሪያ ቫይረሱ ውስጥ የሚታሸገውን ዲኤንኤ ርዝመት ጠረጠርኩ። ግን ኤኤቪ ከሚሸከመው 4.7 ኪሎቤዝ (4,700 የዲኤንኤ ፊደል) ገደማ በታች ነው። ጂኑንም ፕሮሞተሩንም (ጂኑን ሥራ የሚያስጀምረውን ክፍል) በሲኩዌንሲንግ፣ የዲኤንኤውን ፊደላት በማንበብ፣ አየሁ፣ ንጹሕ ናቸው።

ለካ ችግሩ ጫፎቹ ላይ ኖሯል! አይቲአር የሚባሉት የሚታሸገው ዲኤንኤ ሁለት ጫፎች 145 ቤዝ ገደማ ይረዝማሉ፣ በራሳቸው ላይ ስለሚታጠፉ ተራ ሲኩዌንሲንግ በደንብ አያነባቸውም፣ በተለመደው ባክቴሪያ ውስጥ ሲባዙም በቀላሉ ይቆረጣሉ፤ እነሱ ከተበላሹ ደግሞ ቫይረሱ ጂኖሙን በትክክል አያሽግም። አይቲአር ውስጥ በሚቆርጠው ስማ-1 ኢንዛይም ስፈትሸው፣ የተቆረጡትን ዲኤንኤዎች በርዝመት በሚለየው ጄል ላይ መታየት የነበረበት ባንድ (መስመር) የለም።

የተበላሸውን ማዳን አይቻልም። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው የፕላዝሚድ ቱቦ ተመለስኩ፣ እንዲህ ያለ ዲኤንኤ ብዙም ሳይቆርጥ የሚያባዛ ስቴብል-3 ባክቴሪያ ውስጥ አስገባሁት፣ በ37 ፋንታ በ30 ዲግሪ አሳደግኩት። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ታገሱት። ስድስት ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) አንስቼ ሁሉንም በስማ-1 ቆረጥኩ፣ አራቱ ደህና ወጡ። አንዱን በግሊሰሮል አቀዘቀዝኩት። ከዚያ በሠራሁት ቫይረስ አስትሮሳይቶቹ እስከ ጫፋቸው በሩ። አሁን አዲስ ዲኤንኤ ባወጣሁ ቁጥር ከማሸጌ በፊት በስማ-1 አየዋለሁ።